ለበረዶ የጾመ አገር

ፒስካታኳ ወንዝ፣ ኒው ኢንግላንድ
ጁን 4 ቀን 1664

ለውድ አጎቴ ለዲገሪ ፔንሮዝ፤

ይህች ወረቀት ባሕሩን ተሻግራ እጅዎ እስክትገባ ድረስ እግዚአብሔር በጤና ያቆይልኝ። ልጄን ታምሲንን ግንባሯን ይሳሙልኝ። እኔ ከሐዘኔ በቀር ደህና ነኝ።

ባለቤቴ ፒተር ከሞተ አራት ወር ሆነው። ሳንባው ነው የገደለው። ሲሞት ‹‹ወደ ዳርትማውዝ ተመለሺ›› አላለኝም፤ እኔም አልጠየቅሁትም። የመንደሩ ሽማግሌዎች ለእሱ የሰጡትን መሬት በእኔ ስም አጽድቀውልኛል። መሬት አልኩት እንጂ ድንጋይ ነው። አንዱን ፈንቅዬ አጥር ላይ ስጭነው የክረምቱ ውርጭ ከሥር ሌላ ገፍቶ ያወጣል። ጎረቤቴ ሳንዲ፣ በጦርነት ተማርኮ እዚህ የተጣለ ስኮትላንዳዊ ነው፣ በአጥሩ ላይ ተደግፎ ‹‹አይዞሽ ዊልሞት፤ እዚህ አገር ድንጋይ ሳይዘራ ይበቅላል›› እያለ ይስቅብኛል። ሰውየው አፉ ክፉ ነው፤ በሬዎቹን ግን ሳልለምነው ያውሰኛል።

ያሉኝን ቃል አልረሳሁም። እኔና ፒተር ቀድመን ጎጆ እንድንቀልስ ብለን ልጄን እጅዎ ላይ ትቼ መርከብ ስሳፈር፣ ‹‹ከገዛ መሬትሽ ያበቀልሽውን አንድ ጆንያ ስንዴ ላኪልኝ፤ በዚያው መርከብ ልጅሽን እሰድልሻለሁ። ዳቦ ለማይሰጥ መሬት ግን ልጅ አልሰጥም›› ብለውኛል። ያኔ ከፍቶኝ ነበር፤ አሁን ሳስበው ልክ ነበሩ። ስንዴው ተዘርቷል፤ ጉልበቴ ደርሷል። በመኸር ይጠብቁኝ።

የወንድምዎ ልጅ
ዊልሞት

ዳርትማውዝ
እንግሊዝ፣ ሴፕቴምበር 2 ቀን 1664

ለወንድሜ ልጅ ለዊልሞት፤

ያባቶችሽ አምላክ ካለሽበት ይጠብቅሽ። ፒተርን ነፍሱን ይማር፤ ደግ ሰው ነበር። መጥረቢያ አያያዝ ግን አያውቅም ነበር፤ አርባ ዓመት የመርከብ ምሰሶ የጠረበ ሰው ነኝና ይህን ብል አትቀየሚኝ።

ስለ ድንጋዩ የጻፍሽው አልገባኝም። ግድግዳዬ ላይ ያለው የባሕር ካርታ አይዋሽም። ክር ይዤ ለካሁት። ካለሽበት ወንዝ ተነስቼ ክሩን ቀጥ አድርጌ ወደ ምሥራቅ ስስበው የት እንዳረፈ ታውቂያለሽ? ስፔን ላይ! እኛ እኮ ከእናንተ በብዙ ወደ ሰሜን ነን። እኛ ጋ ስንዴ ከበቀለ እናንተ ጋ ብርቱካን መብቀል አለበት። ፀሐዩ ያው አንድ ፀሐይ ነው። እና ይህ ሁሉ ውርጭ ውርጭ ማለት ምንድን ነው? አንቺ ከልጅነትሽም ብርድ አይሆንልሽም ነበር።

ስለዚህ አርባ የወይን ቅርንጫፍ በእርጥብ ጭቃ ጠቅልዬ በዚህ መርከብ ልኬልሻለሁ። ወደ ደቡብ የዞረ ተዳፋት ፈልገሽ ትከዪ። ስንዴውንም እንዳትረሺ፤ ቃል ቃል ነው።

ታምሲን ፊደል ቆጥራ ጨርሳለች። ስምሽን በከሰል በሩ ላይ ጽፋ ገረፍኳት፤ ከዚያ ሳየው ደህና አድርጋ ጽፋዋለች፤ አላጠፋሁትም።

አጎትሽ ዲገሪ

ፒስካታኳ
ኖቬምበር 12 ቀን 1664

ለውድ አጎቴ፤

እግዚአብሔር ዕድሜዎን ያርዝመው፤ ይህን ደብዳቤ ሳይቆጡ አንብበው የሚጨርሱበት ትዕግሥትም ይጨምርልዎ።

ስንዴው ዋግ መታው። በሙቀቱ ወራት አጋማሽ ከባሕር በኩል ጭጋግ ገብቶ ሦስት ቀን ተኛብን። ጭጋጉ ሲገፈፍ ቅጠሉ ዝገት ለብሶ አገኘሁት። በመካከሉ አልፌ ስወጣ ቀሚሴ ቀይ ሆነ። ዛላውን በመዳፌ ባሸው ገለባ እንጂ ፍሬ የለውም። እኔ ብቻ አይደለሁም፤ የመንደሩ ሁሉ እንዲሁ ሆነ። ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። ለስንዴው አይደለም፤ ለማን እንደሆነ ያውቁታል።

የምንበላው በቆሎ ነው። ወንዙን ሽቅብ ወጥተው ከሚኖሩት የአገሩ ተወላጆች ነው የለወጥነው። ከእኛ በፊት መሬቱ የእነሱ ነበር፤ ጠባዩን ያውቁታል። ከሴቶቻቸው አንዷ ስንዴዬን አይታ ራሷን ነቀነቀችና በቆሎ እንዴት እንደሚተከል አፈሩን በጉብታ ሰብስባ አሳየችኝ። ያኔ አልሰማኋትም። የዳርትማውዝ ልጅ ነኛ!

ስለ ስፔን የጻፉትን ለሳንዲ አነበብኩለት። እስኪያነባ ሳቀ። ‹‹ለአጎትሽ ጻፊላቸው›› አለኝ፣ ‹‹ዛሬ ጠዋት እዚህ ስፔን ውስጥ ጢሜ ላይ በረዶ ተንጠልጥሎ ነበር በያቸው።›› እኔ ግን አልሳቅኩም። ክሩ ልክ ነው፤ ካርታውም ልክ ነው። አገሩ ነው ካርታውን ያላነበበ። ንፋሱ ከሰሜን ምዕራብ፣ ከማያልቅ ደን ላይ ተነስቶ ነው የሚመጣው፤ እናንተ ጋ እንደሚነፍሰው የባሕር ንፋስ አይደለም።

ወይኑ ደርሷል። የደረሰው ግን የወንዙ ዳርና ዳር በበረዶ መርጋት በጀመረበት ሳምንት ነው። ጓዳ ውስጥ አሸዋ አልብሼ አስቀምጬዋለሁ። በጸደይ እተክለዋለሁ፤ ስንዴም እንደገና እዘራለሁ። ታምሲን ስሜን የጻፈችበትን በር እንዳያስፍቁብኝ።

ዊልሞት

ዳርትማውዝ
ማርች 9 ቀን 1665

ዊልሞት፤

ሰላም ላንቺ ይሁን።

ጉድ ነው! ፀሐዩም ዋሸ፣ ካርታውም ዋሸ፣ እውነቱን የተናገረች ዊልሞት ብቻ ሆነች። የአክስትሽ ልጅ ጊልበርት ቨርጂኒያ ከወረደ ስድስት ዓመቱ ነው። አንድ ቀን ስለ ድንጋይ ጽፎልኝ አያውቅም። ትምባሆ ይተክላል፤ በጋው ስድስት ወር ይሞላል፤ ወንዙ ሰፊና ዝግ ያለ ስለሆነ መርከቡ ከእርሻው ደጃፍ ድረስ ገብቶ ይጭንለታል። ዘንድሮ አራት ጥቁር ባሪያዎች ገዝቷል። አንቺ በቆሎ ለወጥኩ ብለሽ ትጽፊልኛለሽ።

የትምባሆ ዘር ልኮልሻል፤ ከዚህ ጋር አለ። አንድ ባሕር፣ አንድ ዳርቻ ነው። እሱ ከቻለ አንቺም ትችያለሽ።

ታምሲን ደህና ናት። ሌላ የምጽፈው የለም።

ዲገሪ

ፒስካታኳ
ኦክቶበር 3 ቀን 1665

ለውድ አጎቴ፤

ጤናዎ እንደምን ነው? እዚያ ደርሶ የሚጠይቅልኝ መርከበኛ ሁሉ ‹‹ሽማግሌው ጠንካራ ናቸው፤ ሲያልፉ ግን ሰላም አይሉም›› ይለኛል። እርስዎ ሰው አይዘጉም ነበር። ምነው?

አንድ በአንድ ልንገርዎ። ከአርባው የወይን ቅርንጫፍ ሠላሳ ስምንቱ ሳይለመልሙ ቀሩ። ሁለቱ አቆጠቆጡ፤ እነሱን የሳንዲ ፍየል ጨረሰቻቸው። ትምባሆውስ? ትምባሆው አማረ። ቅጠሉ የሰው ፊት አክሎ፣ መንደርተኛው ለማየት ይመጣ ነበር። እኔም ኮራሁ። በሴፕቴምበር አሥራ ሁለት አንድ ውርጭ ወረደ፤ አንድ ብቻ። ሲነጋ እንደ ተቀቀለ ጎመን ተኝቶ አገኘሁት። ስንዴውን ዋጉ ደገመው።

አሁን ግን አላለቀስኩም፤ ተናደድኩ። ሳንዲን ‹‹ይህ አገር ምን ይፈልጋል? የጠየቅሁትን ሁሉ እምቢ አለኝ!›› ብዬ ጮኽኩበት። ‹‹አንቺ እኮ›› አለኝ፣ ‹‹አገሩን የምትጠይቂው ያጎትሽን ጥያቄ ነው። እስቲ ዝም ብለሽ የሚሰጥሽን ተቀበዪ።›› እንዳገሩ ይኖሯል፣ እንደ ወንዙ ይሻገሯል ይባል የለ? በማግስቱ ወደ ባሕሩ ዳር ወረድኩና ዓሣ ከሚያሰጡት ሴቶች ጋር ተቀጠርኩ።

አጎቴ፣ ይህን ቢያዩ! ባሕሩ እንደ በረዶ ቀዝቃዛ ስለሆነ ዓሣው ብዙ ነው፤ ወፍራም ነው። ንፋሱ ደረቅና ቀዝቃዛ ስለሆነ ጨው ነስንሰን ርብራብ ላይ ስናሰጣው እንደ እንጨት ይደርቃል። ጊልበርት አገር ቢሆን እስከ ቀትር ይሸት ነበር። ወንዞቻችን ገደል ለገደል እየተወረወሩ ነው የሚወርዱት፤ ጀልባ አይወጣባቸውም። ግን መጋዝ ያዞራሉ። ሳንዲ የሚሠራበት መጋዝ በቀን የሚሰነጥቀውን ግንድ ሃያ ሰው በሳምንት አይጨርሰውም። መርከብም በየሰው ደጃፍ ስለማይገባና ወደቡ አንድ ስለሆነ ሁላችንም እሱን ከበን ሰፈርን፤ ጊልበርት ጎረቤቱን ለማየት ግማሽ ቀን ይቀዝፋል፤ እኔ በመስኮት እጠራለሁ። ለስንዴ ጠላት የሆነው ነገር ሁሉ ለሌላ ነገር ወዳጅ ነው።

ስለ ጊልበርት ባሪያዎች የጻፉልኝን ደጋግሜ አነበብኩት። ለልጄ እንጀራ የሰው አንገት አልገዛም። እጄ ንጹሕ ነው ማለቴ አይደለም፤ ከምናደርቀው ዓሣ የተበላሸው ተለይቶ ስኳር አገዳ ወደሚለማባቸው ደሴቶች፣ በሰንሰለት ለሚሠሩት ቀለብ እንደሚሄድ አውቃለሁ። አንድ ቀን ያን ክምር መጫን እምቢ ብዬ አለቃዬ ተቆጥቶኛል።

አሁን ልለምንዎ። ስንዴውን ይተዉልኝና በሌላ ይመዝኑኝ። ሆዴ ጠግቦ፣ ቤቴ ሞቆ፣ አንድ አልጋ ባዶውን ነው።

የመጨረሻው ደብዳቤዎ ደግሞ ፊደሉ ተለቅ ተለቅ ብሏል። እጅዎን አሞዎት ነው?

ዊልሞት

ዳርትማውዝ
ጁላይ 22 ቀን 1666

ለዊልሞት፤

እንደምን አለሽ? ደብዳቤሽ ዘግይቶ ደረሰኝ። ከሆላንዶች ጋር ጦርነት ላይ ነን፤ ያንቺን ያመጣው መርከብ አየርላንድ ተደብቆ ነው የከረመው።

ዓሣ ማንም ያጠምዳል። ዓሣ የመርከበኛ ሥራ ነው፤ ዛሬ አለ፣ ነገ የለም። እኔ ስለ መሬት ነው የጠየቅኩሽ። ሁለት ዓመት ስላለፈ ሁለት ጆንያ ይሁን።

እዚህ ሁሉ ነገር ተወዷል። ንጉሡ መርከብ አለው፣ ምሰሶ የለውም። ከሰሜን አገሮች ይመጣ የነበረው ግንድ መንገዱ ተዘግቷል። በኔ ዘመንም ቢሆን ትልቅ የሚባል ግንድ አይመጣልንም ነበር። አምስት ስድስቱን አጋጥመን፣ በብረት ቀለበት ወጥረን ነው አንድ ምሰሶ የምናደርገው። ሲያዩት ያምራል፤ ማዕበል ሲመታው ግን የሚላቀቀው ከመጋጠሚያው ነው። ባንድ ግንድ የቆመ ትልቅ ምሰሶ ሳልነካ ልሞት ነው፤ ይሁን።

እጄ ደህና ነው።

ስለ ጊልበርት ጠይቀሽኝ አልነበረም፤ ቢሆንም ይንገሩኝ ካልሽ መሬቱ ደክሞበት ሌላ ሊመነጥር ወደ ውስጥ ገብቷል ይላሉ። ትምባሆ አፈር ይበላል።

ዲገሪ

ፒስካታኳ
ጃንዋሪ 20 ቀን 1667

አጎቴ ሆይ፤

ሰላምታዬን ይቀበሉኝ። ዛሬ ግን አስቀድሜ የማናግረው እርስዎን አይደለም።

ታምሲን፣ ልጄ፣ ይህን የምታነቢላቸው አንቺ ነሽ። ያለፈውን ደብዳቤ የጻፍሽውም አንቺ ነሽ። ‹‹እጄ ደህና ነው›› የሚለውን አንቺን ሲያስጽፉሽ ምን ተሰማሽ? የፊደልሽን ጭራ ወደ ላይ ትጠቀልይዋለሽ፤ እኔም እንደዚያ ነኝ፤ አባትሽ ይስቅብኝ ነበር። የኔ ዓለም፣ አሁን ጮክ ብለሽ አንብቢላቸው፤ ምንም አትዝለይ።

አጎቴ፣ ዓይንዎ ጠፍቷል። ሰላም የማይሉት ስለማያዩ ነው። ስንዴ የሚጠይቁኝ፣ አንዱን ሁለት የሚያደርጉት፣ እኔ እንዳላገኘው ነው። ልጄ ዓይንዎ ሆናለች። ይህን ለምን አልነገሩኝም? ተናድጄብዎታለሁ። አዝኜልዎታለሁም። ሁለቱም ልብ ውስጥ ባንዴ ይገባል፤ ማን አይገባም አለ?

አሁን ነገሬን ይስሙኝ። መሬቴ ጫፍ ላይ አንድ ነጭ ጥድ አለ። ስንዴዬን ያጠላብኛል ብዬ ሁለት ዓመት ስረግመው ኖሬአለሁ፤ ሳንዲን ‹‹ቁረጥልኝ›› ብለው ‹‹ይህን? ይህን የሚቆርጥ ሰው ብቻውን አይመጣም፤ ከነአገሩ ነው የሚመጣ›› ብሎኝ ነበር። በመከር ለንጉሡ ምሰሶ የሚገዛው ሰው መጣ። ገመድ አዙሮ ለካ፤ ደግሞ ለካ። ቆቡን አውልቆ ቆመ። ‹‹እመቤቴ፣ ግንዱ ላይ እንከን ካልተገኘ፣ በረዶው ሳይቀልጥ ወንዙ ላይ ካደረሱልኝ፣ መርከቤ ይጭነዋል፤ በረዶው ከቀለጠ ግን አልጠብቅም›› አለኝ።

በረዶ! ዳርትማውዝ ላይ በረዶ ሲጥል በር ዘግተን እንረግመዋለን። እዚህ ግን መንገዱ እሱ ነው። ደኑ ጉቶና ድንጋይ ብቻ ስለሆነ በሌላ ወቅት እንኳን ግንድ ፍየል አያልፍበትም። በረዶ ሲሞላው ጠረጴዛ ይሆናል፤ መንኮራኩር የሌለው ጋሪ ላይ የጫኑትን ሁሉ ይሸከማል። ዛፉ ሲወድቅም የሚያርፈው በረዶ ላይ ነው፤ ደረቅ መሬት ላይ ቢያርፍ ይሰነጠቃል፤ የተሰነጠቀ ምሰሶ ደግሞ ማገዶ ነው።

ዘንድሮ በረዶ የለም። ዲሴምበር ደረቅ አለፈ። ጃንዋሪም እየተገባደደ ነው። በሬዎቹ በረት ውስጥ ይከሳሉ፣ ሰዉ ተቀምጦ ይጣላል። ሰማዩ እንደ ተጠረገ ወለል ሰማያዊ ነው፤ ሁላችንም ጠዋት ጠዋት ወጥተን እንሰድበዋለን። ፓስተሩ ባለፈው እሑድ ተነሱና ‹‹ረቡዕ ጾም ነው። ከመንደሩ አንድ ሰው እህል አይቅመስ። እግዚአብሔር በረዶ እንዲሰጠን እንለምናለን›› አሉ። አዎ አጎቴ፤ በረዶ ለመለመን እንጾማለን። ይሳቁ። እኔም እዚህ የመጣሁ ሰሞን ብሰማ ስቄ እሞት ነበር። ነገ ግን እንደኔ የሚራብ የለም።

ያ ዛፍ ስንዴ አይደለም። የበቀለው ግን ከገዛ መሬቴ ነው።

ዊልሞት

ፒስካታኳ
ማርች 15 ቀን 1667

አጎቴ! ታምሲን!

የፊተኛው ደብዳቤ ገና ከወደቡ አልወጣም፤ መርከብ ጠፍቶ እዚሁ ተቀምጧል። ሁለቱን አንድ ላይ ትሰሙታላችሁ። እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሺህ ጊዜ ይመስገን!

ጾሙ ረቡዕ ነበር። ሐሙስ ምንም የለም። ዓርብ ምንም። ሳንዲ ‹‹ፓስተሩ ቁርስ በልተዋል መሰለኝ›› እያለ ሲያሾፍ ቅዳሜ ከሰዓት ሰማዩ ጠቆረ። ሦስት ቀንና ሦስት ሌሊት ጣለ። ማክሰኞ የቤቴን በር ስገፋው አልከፈት አለኝ፤ በመስኮት ወጣሁ። ጎረቤቶቼ ሁሉ በየመስኮታቸው እየወጡ እልል ይላሉ! አንዲት አሮጊት በረዶውን በእፍኟ አንስታ ስማዋለች። ወገቤ ድረስ ነበር አጎቴ፤ ወገቤ ድረስ!

ለዛፉ አልጋ ሠራንለት። ትናንሽ ዛፎች ቆርጠን በሚወድቅበት መስመር ነጠፍን፣ በላዩ በረዶ ከመርን። አራት ሰው ቀኑን ሙሉ በመጥረቢያ ዋለበት። ሊወድቅ ሲል አንዴ ተነፈሰ። ከዚያ መሬቱ ዘለለ፤ በረዶው ተነስቶ ሁላችንንም ሸፈነን። ሳንዲ በግንዱ ላይ እየሄደ በመዶሻ ራስ ደበደበው፤ ጆሮውን እየለጠፈ ከታች እስከ ላይ። ጫፉ ደርሶ ዞረና ‹‹ደወል ነው!›› ብሎ ጮኸ። አንድ ስንጥቅ የለውም።

ስድሳ አራት ክንድ! ሠላሳ ሁለት ጥማድ በሬ ጠመድንለት። የመንደሩ በሬ ሁሉ መጣ፤ አንዱም ሰው ‹‹ምን ትከፍይኛለሽ›› አላለኝም፤ እዚህ ምሰሶ ሲጎተት በሬውን የሚደብቅ ሰው የለም። የሳንዲ ድምፅ ከፊት ‹‹ሃይ! ሃይ! ተነስ!›› ይላል፤ ከኋላ ያሉት ይቀበላሉ፤ ያ ግንድ እንደ ንጉሥ ቀስ ብሎ ተነሳ።

የኮረብታው ጫፍ ላይ ነው የፈራሁት። ግንዱ ረጅም ስለሆነ የፊቱ በሬዎች ቁልቁል ሲወርዱ ሰንሰለቱ ይወጠርና የመካከሎቹን ካንገታቸው ያነሳቸዋል። ዓምና አንድ ጥማድ እንዲህ ታንቆ ሞቷል። አራት በሬ እግራቸው ከመሬት ለቀቀ። እኔ መጥረቢያ ይዤ ሰንሰለቱን ከግንዱ ጋር ያሰረው ወፍራም ገመድ አጠገብ ነበርኩ። ሳንዲ ‹‹ዊልሞት፣ ብትቆርጪው ግንዱ ገደል ይገባል! ቆይ!›› አለኝ። ‹‹ቶሎ በላ!›› አልኩት። ቆየሁ። አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብዬ ስቆጥር ሳንዲ የፊቶቹን ወደ ኋላ መለሳቸው፤ በሬዎቹ እግራቸው በረዶ ነካ። አራቱም ቆሙ፤ አንዱ ሳል ሳል አደረገና ሰንሰለቱን መላስ ጀመረ። ከዚያ ሁላችንም እንደ እብድ ሳቅን። በአምስተኛው ቀን ወንዙ ላይ ነበርን። ገዢው ቆቡን ደግሞ አወለቀ።

ባለቤቱ የራሱን ምልክት በግንዱ እግር ላይ ይቀርጻል። እኔ ምልክት አልነበረኝም። ታምሲን፣ ስለይሽ እግርሽን ወረቀት ላይ አስቁሜ ዙሪያውን በከሰል አስምሬ ነበር፤ ቦርሳዬ ውስጥ ነው ያለው። በመሮ የቀረጽኩት እሱን ነው። አጎቴ፣ መርከቡ ወደ እናንተ ወደብ ነው የሚመጣው። ማየት ባይችሉም ይምጡና ይንኩት።

ዊልሞት

ዳርትማውዝ
ኦገስት 6 ቀን 1667

ለልጄ ለዊልሞት፤

የወንድሜ ልጅ ብዬሽ ነበር እስከ ዛሬ። አሁን ልጄ ነሽ፤ ሰላም ይብዛልሽ። ይህን የምትጽፈው ታምሲን ናት፤ ከእንግዲህ አንደብቅም።

መርከብሽ ገባ። ከተማው ሁሉ ወረደ። መርከቡ ስለሚጭናቸው ግንዶች ከኋላው በር የተከፈተለት ነው፤ ያንቺ ሲወጣ እስከ ምሽት ወጥቶ አላለቀም። መንገዱ ላይ ሊያዞሩት ቢሉ አልዞር አለ፤ የዳቦ ጋጋሪውን ቤት ጥግ አፈረሱበት። ጋጋሪው ሲሳደብ ‹‹ዝም በል! የወንድሜ ልጅ ዛፍ ነው!›› አልኩት። ከመቼ ወዲህ እንዲህ ጮኼ አላውቅም።

ከዚያ ነካሁት። ታምሲን እጄን ይዛ ወሰደችኝ። ከእግሩ ጀመርኩ፤ ውፍረቱ ወገቤ ይደርሳል። መዳፌን አሳርፌ ሄድኩ። መጋጠሚያ ፈለግሁ፤ የለውም። ብረት ፈለግሁ፤ የለውም። ሄድኩ፣ ሄድኩ፣ ጣቶቼ አንድ ስፌት ሳያገኙ ጫፉ ላይ ደረስኩ። አርባ ዓመት ቁርጥራጭ ስገጣጥም የኖርኩ ሰው ነኝ ዊልሞት።

(እማ፣ እዚህ ላይ አለቀሱ። ጻፊው አላሉኝም።)

ወደ እግሩ ተመለስን። ታምሲን ‹‹አያቴ፣ ምልክቱ ይኸውና›› ብላ ጣቴን አስገባችበት። አምስት ትንንሽ ጣቶች፣ አንዲት ትንሽ ተረከዝ። ጫማሽን አውልቂ አልኳት። እግሯን አነሳሁና በምልክቱ ላይ ገጠምኩት። ከሁሉም በኩል ተርፎ ወጣ። ጣቶቿ እንዳለ ውጭ ናቸው። ያኔ ምን ያህል ጊዜ እንደሰረቅሁሽ በእጄ ለካሁት። አራት ዓመት ማለት ይኸን ያህል ነው።

ስንዴ ያልኩሽ መጀመሪያ ከልቤ ነበር። ዓይኔ ሲደክም ግን ‹‹ባይበቅልስ?›› ማለት ጀመርኩ፤ ዋግ መታው ስትዪ ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። አንቺም ይቅር በዪኝ። የካርታዬን ነገር ተዪው፤ አውርጄ ለዓሣ ሻጯ ሰጥቻታለሁ፤ ዓሣ ትጠቀልልበታለች።

ልጅሽን እሰድልሻለሁ። ብቻዋን ግን ባሕር አላሳፍራትም። እኔም ቤቴን ለቅቄአለሁ። ‹‹በዚህ ዕድሜዎ? ምን ሊያዩ?›› ይሉኛል ጎረቤቶቼ። ለማየት አይደለም፤ ገና ያልተቆረጡትን ዛፎች እንደቆሙ ልነካ ነው። ሰላም ሆኗል፤ ባሕሩ ተከፍቷል፤ መርከባችን በመጪው ማክሰኞ ይነሳል።

ይህ ደብዳቤ በሌላ መርከብ ይመጣል፤ ቀድሞን ከደረሰ ወደ ወደቡ ውረጂ። ካልደረሰ ግን፣ አንድ ቀን በርሽ ተንኳኩቶ ስትከፍቺ አንዲት ረዘም ያለች ልጅ አንድ ሽማግሌ በእጇ ይዛ ቆማ ካየሽ፣ እንግዶች ናቸው ብለሽ አትደንግጪ። አስቀድመሽ ልጅሽን እቀፊ። እስክትጨርሺ እኔ ደጅ እቆማለሁ።

ዲገሪ